የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በጋራ ሜሽ ኔትወርክ ላይ ባንድዊድዝ (የመስመሩ አቅም) ለሁሉም እንዲደርስ

ጥያቄ፦ ሃያ ሁለት ቤቶች ሆነን 50 ሜጋቢት በሰከንድ የሆነ አንድ የኢንተርኔት መስመር በሜሽ (የየቤቱ ራውተሮች እርስ በርስ ተያይዘው መረጃ በሚቀባበሉበት ኔትወርክ) እንጋራለን። ጌትዌዩ (ኔትወርኩን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ራውተር) አጠገብ ያሉት ቪዲዮ ያለ ችግር ያያሉ። እኛ ሦስት ሆፕ (ከራውተር ወደ ራውተር ሦስት ቅብብሎሽ) ርቀን ያለነው ግን ማታ ላይ አንድ ገጽ እንኳ መክፈት ያቅተናል። ክፍያችን እኩል ነው። ለየቤቱ የ2 ሜጋቢት ገደብ ብናስቀምጥ ይሻላል?

መልስ፦ ገደቡን አንመክርም። ሌሊት ሦስት ቤት ብቻ ሲጠቀም ሦስቱ በድምሩ 6 ሜጋቢት ይዘው 44ቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከዚህም በላይ ችግሩ ያለው ሬዲዮው ላይ ከሆነ ገደቡ አይነካውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይለኩ። ከእርስዎ ኖድ (የሜሽ ራውተር) እስከ ጌትዌዩ ድረስ በአይፐርፍ3 (የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) አንድ ጊዜ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በተጨናነቀ ሰዓት ይሞክሩ። ጭር ባለው ሰዓትም ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ ጉዳዩ የአየር ጊዜ (ሬዲዮዎች በተራ የሚካፈሉት የቻናሉ ጊዜ) ነው። አንድ ሬዲዮ በአንድ ቻናል ላይ እየተቀበለ መላክ አይችልም፤ በአካባቢው ያሉ ኖዶችም ተራ መጠበቅ አለባቸው። እያንዳንዱ ማገናኛ 60 ሜጋቢት ቢያሳልፍ እንኳ ሁሉም በአንድ ቻናል ላይ ሆነው ከሁለት ሆፕ በኋላ 30፣ ከሦስት በኋላ 20 ብቻ ይቀራል፤ በተግባር ከዚህም ያንሳል። መፍትሔው ኖድ ከኖድ የሚገናኝበትን ሬዲዮ (ለምሳሌ 5 ጊጋኸርዝ) ስልክና ኮምፒውተር ከሚገናኝበት (2.4 ጊጋኸርዝ) መለየት ነው። በሁለት ኖዶች መካከል የኔትወርክ ገመድ መዘርጋት ከተቻለ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፤ አንድ ሆፕ ከአየሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ይነሳል።

ጭር ባለው ሰዓት ጥሩ ሆኖ ማታ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ወረፋው (ለመላክ ተራ የሚጠብቀው መረጃ) ነው። የቲሲፒ (አብዛኛው የኢንተርኔት መረጃ የሚላክበት ደንብ) ግንኙነት ምላሽ ቶሎ ሲደርሰው ፍጥነቱን ቶሎ ይጨምራል፤ ስለዚህ ቅርብ ያለው ቀድሞ መስመሩን ይሞላዋል። የሩቁ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) ግን ሦስት ወረፋ ያልፋል፣ በእያንዳንዱም ሊጣል ይችላል። እዚህ ላይ ጌትዌዩ ላይ ኬክ (CAKE) የተባለውን የወረፋ አስተዳዳሪ መጫን ብዙ ይለውጣል።

በኦፕንደብሊውአርቲ (OpenWrt፣ የራውተር ሶፍትዌር) የኤስኪውኤምን (SQM፣ ወረፋ ማስተዳደሪያ) ፓኬጅ ይጫኑና ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ኢንተርፌስ ይምረጡ። ፍጥነቱን መስመሩ በተጨናነቀ ሰዓት ከሚያሳየው ከ85 እስከ 90 በመቶ ያድርጉት። ወረፋው እርስዎ በማያዙት የአቅራቢው መሣሪያ ላይ ሳይሆን በጌትዌያችሁ ላይ እንዲቆም የሚያደርገው ይህ ቅናሽ ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በኪሎቢት ነው፤ 45 ሜጋቢት ማለት 45000 ነው። 45 ብቻ ከጻፉ ኔትወርኩ ቀጥ ይላል። ከዚያ ኬክን መርጠው በላቁ አማራጮች ለማውረጃው «ናት» (nat)፣ «ዱዋል-ዲኤስቲሆስት» (dual-dsthost) እና «ኢንግረስ» (ingress)፣ ለመላኪያው «ናት» እና «ዱዋል-ኤስአርሲሆስት» (dual-srchost) የሚሉትን ቃላት ያስገቡ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ለውጥ ካልታየ የሃርድዌር ኦፍሎዲንግ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ፓኬቶቹን ከከርነሉ (ከራውተሩ ሶፍትዌር እምብርት) ውጭ ስለሚያሳልፋቸው ኬክ አያያቸውም፤ ያጥፉት። የራውተሩ ፕሮሰሰርም 100 በመቶ የሚደርስ ከሆነ አቅሙ አይችልም ማለት ነው። መስራቱን የሚያረጋግጡት ትልቅ ፋይል እያወረዱ ፒንግ (የምላሽ መዘግየት መለኪያ) በማድረግ ነው፤ መዘግየቱ ከባዶው መስመር በጥቂት አሥር ሚሊሰከንድ ብቻ መብለጥ አለበት።

አንድ ነገር ግን በስብሰባ መወሰን ያለበት ነው፦ እኩል የሚካፈለው ማነው? ኬክ የሚቆጥረው የአይፒ አድራሻ ነው። ሁሉም ስልኮች በቀጥታ ጌትዌዩ ላይ የሚታዩ ከሆነ ስድስት ስልክ ያለው ቤት ስድስት ድርሻ ይወስዳል። ክፍያው በቤት ከሆነ በየቤቱ ያለው ራውተር ናት ይስራ (የቤቱን መሣሪያዎች ሁሉ በአንድ አድራሻ ያውጣ)፤ ያኔ አንድ ቤት አንድ አድራሻ፣ አንድ ድርሻ ይሆናል። ለእናንተ ትክክለኛው ይህ ይመስለናል።

ጥያቄ፦ አንድ ጎረቤታችን ምልክቱ ደካማ ስለሆነ የሚገናኘው በ6 ሜጋቢት ነው። እሱ ሲያወርድ በ60 የሚገናኙት ሁሉ ይንቀራፈፋሉ። ከኔትወርኩ ይውጣ የሚሉ አሉ።

መልስ፦ አይውጣ፤ ሌላ መንገድ አለ። 1500 ባይት የሆነ ፓኬት በ60 ሜጋቢት 200 ማይክሮሰከንድ፣ በ6 ሜጋቢት 2000 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። ዋይፋዩ ተራ የሚሰጠው በፓኬት ከሆነ ሁለቱም የሚያገኙት ወደ 5.5 ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ፈጣኑም ቀርፋፋው ደረጃ ላይ ይወርዳል። ተራው በጊዜ ሲሰጥ ግን ፈጣኑ 30፣ ጎረቤትዎ 3 ያገኛሉ። ድምሩ ከ11 ወደ 33 ያድጋል።

ይህን የሚያደርገው የአየር ጊዜ ፍትሐዊነት በሊነክስ ኤቲኤች9ኬ ድራይቨር (የአንዳንድ ዋይፋይ ቺፖች ማንቀሳቀሻ ሶፍትዌር) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ሲሆን በኋላ ሌሎች ድራይቨሮችም ተቀብለውታል። አሮጌ ሶፍትዌር ላይ ካላችሁ ማሻሻል ብቻ ሊበቃ ይችላል። ነገር ግን የሚቆጣጠረው ራውተሩ ራሱ የሚልከውን ነው፤ ጎረቤትዎ ፋይል ሲልክ ተራውን የሚይዘው የእሱ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አንቴናውን ከፍ አድርጎ ማስተካከልና 1፣ 2፣ 5.5 እና 11 ሜጋቢት የሚባሉትን የቆዩ ፍጥነቶች መዝጋት አይቀርም። ከመዝጋትዎ በፊት በእነሱ ብቻ የሚገናኝ መሣሪያ አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ሳታስቡት ታስወጡታላችሁ።

የአየር ጊዜን እኩል ማካፈል በሜሽ ላይ የራሱ ወጥመድ አለው። ከበስተጀርባው ስምንት ቤት የሚያገለግል ኖድና አንድ ቤት ብቻ ያለው ኖድ እኩል ጊዜ ካገኙ ስምንቱ ተበደሉ። ድራይቨሩ የሚደግፍ ከሆነ በአይደብሊው (iw፣ የሊነክስ የዋይፋይ ማስተካከያ) ትዕዛዝ የጎረቤት ኖዱን የአየር ጊዜ ክብደት መቀየር ይቻላል። መነሻው 256 ነው፤ 2048 ሲደረግ ስምንት እጥፍ ድርሻ ይሰጠዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው በቶረንት (ተጠቃሚዎች ፋይል እርስ በርስ የሚለዋወጡበት ዘዴ) መቶ ግንኙነት ከፍቶ ሁሉንም ይውጣል። ቶረንትን እንዝጋ?

መልስ፦ ከላይ የገለጽነው የኬክ ቅንብር ካለ አያስፈልግም። መጀመሪያ በአድራሻ፣ ከዚያ በግንኙነት ስለሚያካፍል መቶውም ግንኙነት የሚሻማው የሰውየውን የራሱን ድርሻ ነው። የመላኪያውን ፍጥነት ሳይሞሉ እንዳይቀሩ ብቻ ይጠንቀቁ፤ 0 ከሆነ በዚያ አቅጣጫ ገደብ የለም፣ ቶረንት ደግሞ አብዝቶ የሚያጨናንቀው መላኪያውን ነው።