«በነፃ አብሮት አለ» የተባለው የጉዞ ኢንሹራንስ ካሳ ሲከለክል

ጥያቄ፦ ባንኬ ክሬዲት ካርድ ሲሰጠኝ «የጉዞ ኢንሹራንስ በነፃ አብሮት አለ» ብሎኝ ነበር፤ በራሪ ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ ነው። ከባለቤቴ ጋር ለዕረፍት ስንወጣ የሁለታችንን የአውሮፕላን ትኬት ከፊሉን በዚሁ ካርድ ባጠራቀምኩት ነጥብ፣ ቀሪውን ከካርዱ በገንዘብ ከፈልኩ። በሄድንበት ባለቤቴ ትርፍ አንጀት ታማ ሌሊት በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ወጪውን ከኪሳችን ሸፍነን ተመለስን። ካሳ ስጠይቅ ኢንሹራንሱ በሦስት ምክንያት አልከፍልም አለ፦ ትኬቱ ሙሉ በሙሉ በካርዱ አልተከፈለም፤ ባለቤትዎ ቀድሞም የደም ግፊት ነበረባት፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወደ እርዳታ መስመራችን አልደወላችሁም። ባንኩ ደግሞ «እኛን አይመለከትም» አለኝ። ማንን ነው የምከሰው? በቅርቡ ወደ ሸንገን አገሮች ለመሄድ አስበናልና ይኸው ኢንሹራንስ ለቪዛስ ይሆነናል?

መልስ፦ ከሦስቱ ምክንያቶች እኔን የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ደብዳቤውን ለማክበድ የገቡ ይመስላሉ።

አስቀድመው ግን አንድ ነገር ይወቁ። እንዲህ ባለው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ውሉን የሚፈርሙት ባንኩና ኢንሹራንስ ኩባንያው ናቸው። እርስዎ ፈራሚ ሳይሆኑ ውሉ የሚጠቅምዎ ሦስተኛ ወገን ነዎት። ራሱን የቻለ የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ስለ ዕድሜና ስለ ጤንነት የሚጠየቅበት ቅጽ አለ፤ ከካርድ ጋር በሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም። ጥያቄው የሚመጣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፣ ያውም አይተውት በማያውቁት ፖሊሲ (የኢንሹራንሱ የውል ሰነድ) ውስጥ። ስለዚህ ዛሬውኑ ለባንኩም ለኩባንያውም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ትኬቱን በገዙበትና በተጓዙበት ቀን ይሠራ የነበረውን ሙሉ ፖሊሲ ይስጡኝ ይበሉ። አሁን ድረ ገጹ ላይ ያለውን ብቻ ቢልኩልዎ አይቀበሉ፣ እነዚህ ሁኔታዎች በየጊዜው ይሻሻላሉ። በራሪ ወረቀቱንም እንዳይጥሉት፤ እሱ ኋላ ይፈለጋል።

ፖሊሲው ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት የሕክምና ወጪ መሸፈኑን ነው። አንዳንድ ካርዶች «የጉዞ አደጋ ኢንሹራንስ» የሚሉት በአውሮፕላን ወይም በሌላ የሕዝብ ማጓጓዣ ላይ ለሚደርስ ሞትና አካል ጉዳት ብቻ የሚከፍል ነው፤ ሆስፒታል ተኝቶ ለመታከም አንድ ሳንቲም የለውም። በእርስዎ ጉዳይ ኩባንያው ይህን ምክንያት አለማንሳቱ ጥሩ ምልክት ነው፣ ቢሆንም በዓይንዎ ይዩት።

ቀጥሎ ሽፋኑ የሚጀምርበትን አንቀጽ ይፈልጉ። አንዳንዱ ፖሊሲ «የጉዞው ሙሉ ዋጋ በካርዱ ሲከፈል» ይላል፤ አንዳንዱ «በካርዱ ወይም በካርዱ ነጥብ» ብሎ ይጨምራል፤ የተወሰነ መጠን በካርዱ መከፈሉ የሚበቃውም አለ። ከአየር መንገድ የተገኘ የበረራ ነጥብ (ማይል) እና ካርዱ ራሱ የሰጠው ነጥብም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የእርስዎ ነጥብ የዚያው ካርድ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። አንቀጹ ስለ ነጥብ ዝም ካለ ክርክርዎ ቀላል ነው፦ ነጥቡን የሰጠው ካርዱ፣ የተቀበለውም ካርዱ፤ ታዲያ ትኬቱ «በካርዱ» ካልተከፈለ በምን ተከፈለ? ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ ቃል ባረቀቀው ወገን ላይ እንደሚተረጎም በብዙ አገሮች የውል ሕግ የታወቀ ነው፣ ያረቀቁት ደግሞ እርስዎ አይደሉም። የካርዱን ስቴትመንት፣ ነጥቡ የተቀነሰበትን ማስረጃና የትኬቱን ደረሰኝ አያይዘው ያቅርቡ። አንቀጹ በግልጽ «በነጥብ የተከፈለ አይቆጠርም» የሚል ከሆነ ግን አላታልልዎትም፣ ኢንሹራንሱን በዚህ ክርክር ማሸነፍ ከባድ ነው፤ ያኔ ፊትዎን ወደ ባንኩ ያዞራሉ።

የደም ግፊቱን በተመለከተ፣ ከሆስፒታሉ የተሰጠዎትን የመውጫ ወረቀት አውጥተው ያንብቡ። ሐኪም ማንኛውንም ታካሚ ሲቀበል «ከዚህ በፊት ምን ሕመም አለ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ባለቤትዎም «ግፊት» ብላለች፣ እሱም ጽፎታል። የኩባንያው ሠራተኛ ያቺን አንዲት መስመር ነው ያሰመረባት። ነገር ግን ትርፍ አንጀት ከደም ግፊት አይመጣም። ቀድሞ የነበረን ሕመም የሚያገልሉ አንቀጾች በአብዛኛው የሚሉት «ከዚያ ሕመም የመነጨ ወጪ» ነው። ቀዶ ሕክምናውን ካደረገው ሐኪም፣ ሕመሙ ከግፊቱ ጋር እንደማይገናኝ የሚገልጽ የሁለት መስመር ደብዳቤ ያስጽፉ። ደብዳቤዋ ከእኔ አሥር ገጽ ክርክር የበለጠ ትሠራለች።

ስልክ አለመደወሉም እንዲሁ ነው። ሌሊት በአስቸኳይ ለቀዶ ሕክምና የምትገባን ሴት ባል ኮሪደር ላይ ቆሞ የካርዱን ጀርባ እንዲያነብ የሚጠብቅ ዳኛ አላውቅም። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ራሳቸው ለአስቸኳይ ጊዜ «በተቻለ ፍጥነት» ይላሉ። በማግስቱ ደውለው ከነበረ የስልክ ዝርዝሩን ያውጡ። ኩባንያው መዘግየቱ ወጪውን አብዝቶብኛል ካለ ምን ያህል እንደበዛበት ያሳይ፤ ቢያሳይ እንኳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ስለ ቅናሽ እንጂ ስለ መከልከል አይሆንም።

ስለ ባንኩ፦ «አይመለከተንም» ያለው ትክክል አይደለም። ካሳ የመክፈል ግዴታው የኢንሹራንሱ ሊሆን ይችላል፤ ለደንበኛው የተነገረው ቃል ግን የባንኩ ነው። በራሪ ወረቀቱን ገልብጠው ታችኛውን ጥቃቅን ጽሑፍ ያንብቡ። «ቅድመ ሁኔታዎች አሉት» የሚል ነገር ከሌለ፣ ወይም ነጥቡን ሲጠቀሙ ሽፋኑ እንደሚቀር ማንም ካልነገረዎት፣ በተሳሳተ ወይም ባልተሟላ መረጃ ምክንያት የመጠየቅ መብት ሊኖርዎት ይችላል። ስለዚህ አሁን አንዱን አይምረጡ፤ ለሁለቱም በአንድ ቀን ቅሬታ ያስገቡ፣ ምላሽ የሚሰጡበትንም ቀን ቆርጠው ይጻፉ። በአገርዎ የፋይናንስ እንባ ጠባቂ ወይም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ካለ ከፍርድ ቤት በፊት እዚያ ይሂዱ፣ ወጪው ያንሳል። ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ ግን አይርሱ፤ ቅሬታ ማስገባት ብቻውን ይርጋን ላያቆም ይችላል። በመሃል ትንሽ ገንዘብ ሰጥተው «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎ አይፈርሙ። ሌላ የጤና መድን ካለዎትም እዚያም ያመልክቱ፤ የካርድ ሽፋን ብዙ ጊዜ ሌላው ያልከፈለውን ብቻ ነው የሚሸፍነው።

ወደ ቪዛው ስመጣ፣ የሸንገን ሕግ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም አባል አገሮችና በቆይታዎ ሁሉ የሚጸና የጉዞ የሕክምና መድን ይጠይቃል፤ አስቸኳይ ሕክምናን፣ በሕመም ምክንያት ወደ አገር መመለስንና ሞትን ማካተት አለበት። ካርዱን ብቻ መስኮቱ ላይ ማሳየት አይበቃም፣ የሁለታችሁ ስም የተጻፈበት የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የካርዱ ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ትኬት ሲከፈል ነው፤ ብዙ ቪዛ ጠያቂ ግን ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አይከፍልም። በእናንተ ቦታ ብሆን ለዚህኛው ጉዞ ለብቻው የሆነ ኢንሹራንስ እገዛለሁ። ቅጹ ላይ ስለ ጤንነት ከተጠየቃችሁ የባለቤትዎን ደም ግፊት ሳትደብቁ ጻፉ፤ አሁን ከገጠማችሁ በኋላ አለመጻፍ እንደሚያምራችሁ ይገባኛል።