ወላጆች ከተለያዩ በኋላ ልጅ ይዞ ወደ ሌላ ስቴት ስለመዛወር

በቨርጂኒያ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ እንደመሆኔ የደረሱኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ፤ የእያንዳንዱ መዝገብ ጣጣ የተለያየ ስለሆነ ግን ጓዝ ከመጠቅለላችሁ በፊት ወረቀታችሁን ለጠበቃ አሳዩ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን አራት ወራችን ነው፤ ፍርድ ቤት ግን አልሄድንም። የስድስት ዓመት ልጄን ይዤ እህቴ ወዳለችበት ዳላስ ብሄድ ሊከለክለኝ ይችላል?

መልስ፦ የካስተዲ ትእዛዝ (ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖርና ማን እንደሚወስንለት ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ) እስካልወጣ ድረስ የሁለታችሁም መብት እኩል ነው። ነገር ግን ከማሳቹሴትስ በስተቀር ሁሉም ስቴቶች በተቀበሉት ሕግ መሠረት፣ ክስ የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ልጁ ስድስት ተከታታይ ወራት በኖረበት ስቴት ነው። አባትየው እዚሁ ቀርተው፣ እርስዎ ከሄዱ በስድስት ወር ውስጥ እሳቸው መዝገብ ከከፈቱ፣ እርስዎ ዳላስ ሥራ ይዘው ልጁን ትምህርት ቤት ካስገቡ በኋላ ለችሎት እዚህ ቨርጂኒያ ወደ ፌርፋክስ ሊመላለሱ ነው። በቨርጂኒያ ዳኛው ከሚመዝናቸው ነጥቦች አንዱ ወላጅ ልጁን ከሌላው ወላጅ ጋር ለማገናኘት ያለው ፈቃደኝነት ስለሆነ፣ ሳይናገሩ መሄድ ክፉኛ ይጎዳዎታል። ድብደባ ሸሽተው ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ደብዳቢው እንዳይቀርብዎ የሚያግድ የመከላከያ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ዛሬውኑ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የካስተዲ ትእዛዝ አለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደምገባ ለልጄ እናት በዋትሳፕ ጽፌላታለሁ፤ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የቨርጂኒያ ሕግ፣ ዳኛው በበቂ ምክንያት ካልቀየሩት በስተቀር፣ ለፍርድ ቤቱም ለሌላው ወላጅም ከ30 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ያዛል፤ በሜሪላንድ ደግሞ ዳኛው ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ ሊያዝዙ ይችላሉ። በአደራ ደብዳቤ ይላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም አይጣሉ። ማሳወቅ ማስፈቀድ አይደለም፤ እናትየው ከተቃወመች ዳኛው የሚጠይቁት የእርስዎ ደመወዝ ስንት እንደሚጨምር ሳይሆን ልጁ ምን እንደሚጠቀም ነው።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎች አስማምተውናል፤ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ነው?

መልስ፦ የሽማግሌዎቹን ድካም አከብራለሁ፤ ብዙ ጊዜም ከጠበቃ ይሻላሉ። ስምምነቱን ግን ልጁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን የት እንደሚያሳልፍና የአውሮፕላን ትኬቱን ማን እንደሚከፍል ሳይቀር ጽፋችሁ ለዳኛ አስጸድቁት፤ አለበለዚያ አንዳችሁ ሐሳብ በቀየራችሁ ቀን የሚያስፈጽመው የለም።

ጥያቄ፦ ልጄን አዲስ አበባ ወስጄ ባሳድገውስ?

መልስ፦ ኢትዮጵያ ያለ አግባብ ወደ ሌላ አገር የተወሰደ ልጅ ወደ ኖረበት አገር እንዲመለስ የሚያደርገውን የ1980ውን የሄግ የልጆች ጠለፋ ስምምነት ስላልተቀበለች ዳኞች በዚህ ላይ እጅግ ጥንቁቅ ናቸው። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የአሜሪካ ፓስፖርት ለማውጣትም በመደበኛው አሠራር የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ያስፈልጋል።