ጥያቄ አለኝ፦ «ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምሬ ምን እበላለሁ?»

«ጤና ይስጥልን። ፍሬሽማን ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል፣ ዲፓርትመንት ልንመርጥ ነው። እኔ ፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት መሙላት ፈልጌያለሁ። አባቴ ግን ‹አርፈህ አካውንቲንግ ግባ፣ ወሬ ተምሮ ዳቦ የበላ የለም› ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ከአሁኑ ‹ክቡር አምባሳደር› እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነት ምንድን ነው የሚያስተምሩት? ሥራስ አለው?»
ፍሬሽማኑ፣ ከሐዋሳ

ወንድሜ፣ ከአባትህ እንጀምር። አባትህ ግማሹን ልክ ናቸው። አካውንቲንግ የተማረ ሰው ሲመረቅ በስሙ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ አለ። አንተ የምትመርጠውን ትምህርት ስም ጠርቶ የሚወጣ ማስታወቂያ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው፣ ሲገኝም «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» የምትል ነገር አትጠፋውም፣ ስለዚህ ከሕግ፣ ከኢኮኖሚክስና ከታሪክ ተመራቂዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ትጋፋለህ። ይህን አውቀህ ግባ።

«ወሬ» ያሉት ላይ ግን አልስማማም። ግሎባል ትሬንድ የሚባለውን፣ የዓለም አቀፍ ግንኙነት መግቢያ የሆነውን የፍሬሽማን ኮርስ ወስደህ ከሆነ ቅምሻው ደርሶሃል። የአውሮፓን የሠላሳ ዓመት ጦርነት ያበቃው የ1648ቱ የዌስትፋሊያ ስምምነት፣ አገሮች ለኃይልና ለጥቅማቸው ይሻኮታሉ የሚለው ሪያሊዝም፣ መተባበርም ይችላሉ የሚለው ሊበራሊዝም፣ ለፈተና ሸምድደህ በማግስቱ የምትረሳው ዓይነት። በእሱ አትፍረድ። ዋናው ነገር ዓለም አቀፍ ሕጉ፣ የኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲው፣ ዓለም አቀፍ የፖለቲካ ኢኮኖሚው፣ የጥናት ዘዴው ሲመጣ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ የዛሬዋ ናሚቢያ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱን በሞግዚትነት ተረክባ አፓርታይድን እዚያም ዘረጋችው። ለምን ኢትዮጵያና ላይቤሪያ? ሁለቱም የድሮው የመንግሥታት ማኅበር (ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው) አባል ስለነበሩ፣ የሞግዚትነቱ ውል ደግሞ የማኅበሩ አባላት ክስ እንዲያቀርቡ በር ስለሚከፍት ነው። ፍርድ ቤቱ በ1962 በ8 ለ7 ድምፅ «ጉዳዩን ማየት እችላለሁ» አለ። ሰነዱ፣ ምስክሩ፣ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በመሃል ከዳኞቹ የተቀያየሩ ነበሩ፣ በ1966 ድምፁ 7 ለ7 እኩል ተከፈለ፣ ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ፐርሲ ስፔንደር ወሳኙን ድምፅ ሰጡና ክሱ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ ምን መሰለህ? ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም ተባለ። አፓርታይድ ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጭራሽ አልተነካም! አፍሪካውያኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፣ ነገሩን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ወሰዱት፣ ጉባኤውም በዚያው ዓመት ጥቅምት የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት አበቃ ብሎ ወሰነ። ናሚቢያ ግን ነፃ የወጣችው በ1990 ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው ነው። ሕግ የት ላይ ይቆማል፣ ፖለቲካ የት ላይ ይረከባል፣ የፍርድ ቤቱ ዳኞች መቀያየር ለምን ውጤት ይለውጣል፣ ትንሽ አገር ምን በእጇ አላት። ይህን ስታነብ «ከዚያስ?» እያልክ ከቀጠልክ ቦታህ እዚያ ነው። ሰልችቶህ ወደዚህኛው አንቀጽ ዘለህ ከመጣህ ደግሞ፣ ሳታፍር የአባትህን ምክር ስማ።

አምባሳደርነቱን እርሳው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚቀጥረው ከብዙ የትምህርት ዘርፍ ነው፣ ይህ ዲግሪ ያለው ሰው ብቻ የሚገባበት በር የለም። እነ አክሊሉ ሀብተወልድ፣ በንጉሡ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት፣ ፓሪስ ሄደው የተማሩት ሕግ ነው። ተሳክቶልህ ብትገባም መንገዱ ረጅም ነው፣ ሦስተኛ ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ጸሐፊ፣ አንደኛ ጸሐፊ እያልክ ትወጣለህ፣ አብዛኛው ቀንህም ግብዣ ላይ ሳይሆን ሪፖርት ስትጽፍ ነው የሚያልፈው።

መጻፍን ካነሳን አይቀር። ተመራቂዎችን ሥራ የሚያሳጣቸው ብዙ ጊዜ የቲዎሪ እጥረት አይደለም። የሃያ ገጽ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አንብቦ አለቃው በአምስት ደቂቃ የሚረዳውን አንድ ገጽ ማውጣት ሲያቅታቸው ነው። ይህን በራስህ ተለማመድ፣ ማንም አያስተምርህም። ስታቲስቲክስም ሲመጣ «ለማለፍ ያህል» አትበል፣ ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ የሚያስረዳ የፖለቲካል ሳይንስ ተማሪ ብርቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቋንቋ። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። የኅብረቱ ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ፖርቱጋልኛ፣ ስፓኒሽና ስዋሂሊ ናቸው። አማርኛ የለም፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ሁሉም አለኝ ይላል። ፈረንሳይኛ ወይም ዐረብኛ ከሁለተኛው ዓመት ጀምረህ ብትይዝ፣ ከአንድ ባች ልጆች መሃል ተነጥለህ ትታያለህ።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም እዚያው አዲስ አበባ ነው፣ ኢንተርንሺፕ አለው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን ማመልከት ትችላለህ። ክፍያ ግን የለውም፣ የትራንስፖርትና የምሳውን ቀድመህ አስብ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ልጅ እዚህ ላይ ይበልጥሃል፣ ፍትሐዊ አይደለም ግን እንዲያ ነው። የአፍሪካ ኅብረት የወጣት በጎ ፈቃደኞች መርሃ ግብርም አለ፣ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 ለሆኑ፣ ለ12 ወር፣ ለተመረቁ ልጆች ጥሩ መግቢያ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ «ኢትዮጵያና ግብፅ በዓባይ ላይ» ብለህ እንዳትጀምር አደራ። መምህራኑ ጠግበውታል። አጥብበው። ለምሳሌ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2024 የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነቱን ለምን አጸደቀች? እሷ በማጽደቋ ነው እኮ ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው።

«ሰላም ለእናንተ። ዱባይ ነው የምሠራው። ታናሽ ወንድሜን በግል ኮሌጅ ይህንኑ ትምህርት እያስተማርኩት ነው፣ ክፍያው በየሴሚስተሩ ይጨምራል። ገንዘቤ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ምን ላድርግ?»
እህቱ

እህቴ፣ ሁለት ነገር አጣሪ። መጀመሪያ ኮሌጁ እውቅና ያለው በዚህ ፕሮግራምና በዚያ ካምፓስ መሆኑን። ኮሌጁ በጥቅሉ እውቅና አለው ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራሙ አለው ማለት አይደለም። ወንድምሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄዶ ይጠይቅልሽ፣ የኮሌጁን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት ፎቶ አንስቶ ቢልክልሽ እንዳትቀበዪው።

ሁለተኛ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የግልም ሆነ የመንግሥት ተማሪ ፈተናውን 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አይሰጠውም። ስለዚህ ከኮሌጁ ልጆች ባለፈው ዙር ስንቱ እንዳለፈ ቁርጥ ያለ መልስ ይስጡት። ቢሮ ለቢሮ ካመላለሱት የሚቀጥለውን ሴሚስተር ክፍያ ከመላክሽ በፊት ሌላ ኮሌጅ መጠየቅ ይጀምር፣ የወሰዳቸው ኮርሶች ስንቱ እንደሚያዙለትም በጽሑፍ ይቀበል።