ሲሲሊያንን ረጋ ብሎ ማሸነፍ ይቻላል ወይ?

ሲሲሊያን በቼዝ ነጭ ወታደሩን ኢ4 ሲገፋ ጥቁር በሲ5 የሚመልስበት አከፋፈት ነው (ፊደሉ የቤቱን መስመር፣ ቁጥሩ ረድፉን ያሳያል)። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በነጭ ኢ4 ስከፍት ሁሌ በሲ5 ይመልሱልኛል። በንጉሡ በኩል ወታደሮቼን ገፍቼ ላጠቃ ስል የምፈርሰው እኔ ነኝ። ረጋ ብሎ ማሸነፍ ይቻላል?»

ይቻላል ወንድሜ! እኔ ሲሲሊያን ላይ የማሸንፈው በአብዛኛው እንደዛ ነው። የዲ ወታደርህ ከሲ ወታደሩ ጋር ከተቀያየረ በኋላ ቢሾፕህን (በሰያፍ የሚሄደውን) ኢ2 ላይ አውጣና ካስል አድርግ፤ ማለትም ንጉሥህንና ሩክህን (ጥግ ላይ ያለውን፣ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን) በአንድ እንቅስቃሴ አዛውር። በጥቁር የሚጫወት ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ኢ5 ይገፋል። እዚህ ጋ ቆም በል። ከዚህ በኋላ ዲ5ን በወታደር መጠበቅ አይችልም። ዲ6 ያለው ወታደሩም ወደ ኋላ ቀርቷል።

እና ራስህን ጠይቅ፦ ዲ5ን አሁን ማን ይጠብቀዋል? ብዙ ጊዜ ኤፍ6 ያለው ፈረስና ኢ6 ያለው ቢሾፕ ናቸው። ሁለቱን ካስወገድክ ቤቱ የፈረስህ ነው።

የሶቪየቱ ግራንድ ማስተር ስሚስሎቭ በ1945 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ሩዳኮቭስኪን ያሸነፈበትን ጨዋታ ፈልገህ እየው። ወታደሩን ኤፍ5 ገፍቶ የጥቁሩን ቢሾፕ ከኢ6 አስነሳው፤ ሲ4 ላይ ተቀያየሩ። ቀጥሎ የራሱን ቢሾፕ ጂ5 አውጥቶ የኤፍ6ን ፈረስ በላበት። ከዚያ ፈረሱ ዲ5 ላይ ተቀመጠ። ለጥቁር የቀረው በገዛ ወታደሮቹ የታፈነ ቢሾፕ ነው። ጥቃቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በ28ኛው እንቅስቃሴ አለቀ። እንዴት ደስ የሚል ጨዋታ መሰለህ!

በቅርቡ እኔም ተመሳሳይ ቦታ ደርሶኝ ነበር፤ ግን ንጉሡን አልነካሁትም። ፈረሴ ዲ5 ላይ እንዳለ የኤ ወታደሬን እስከ ኤ5 ገፋሁት። ቢ7 ያለው ወታደሩ በዚህ ታሰረ፤ ቢ5 ቢገፋ እንኳ በማለፍ ይበላል (ሁለት ቤት ተራምዶ ከወታደሬ ጎን ቢያርፍም፣ አንድ ቤት ብቻ እንደተራመደ ተቆጥሮ ወዲያው ይበላል)። አንዱን ሩክ ኤ1 ላይ ትቼ ሌላውን በኤ4 በኩል ቢ4 አደረስኩት። ተጋጣሚዬ ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር የሚያደርገው አልነበረውም። ቢ7 ወደቀ፤ የቀረው ቀላል ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል። ፈረስህን ዲ5 ላይ ቢበላብህ፣ ከቻልክ በሌላው ፈረስ ወይም በንግሥት መልሰህ ብላ። በወታደር ከበላህ የዲ መስመር ይዘጋል፤ ደካማውን ዲ6 አንተው ራስህ ከለልክለት ማለት ነው።

ጥቁር ጂ6 ተጫውቶ ኢ5 የማይገፋ ከሆነ ግን ይሄ ዕቅድ እንዳለ አይሠራም። እንደዛ ዓይነት ጨዋታ ካለህ እንቅስቃሴዎቹን እዚሁ ጻፋቸው፣ አብረን እናየዋለን።