እርግብህ ክብና ሞላላ አልለይ ካለችህ

ወንድሜ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጠየቅከውን አየሁት። ከሁለቱ ጣሳ ማሽላው ያለው ክብ የተሳለበት ካርቶን ባለበት ሆኖ ሳለ እርግቧ ትንሽ ጠፍጠፍ ካለው ሞላላ መለየት አቅቷት ከ20 ሙከራ 10 ወይ 11 ብቻ ነው የምታገኘው ብለሃል። «እርግብ ደደብ ናት፣ ተዋት» ያሉህን አትስማቸው። የእርግብ ዓይን በጣም ጎበዝ ነው፤ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።

1. ከከባዱ አትጀምር። ክብህ ዳር እስከ ዳር 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ሞላላ 11.3 በ5.7 ይሁን፤ የሚይዙት ቦታ ስፋት እኩል ስለሆነ በትልቅነት አትለያቸውም። ሁለት ቀን በተከታታይ ከ20 16 ካገኘች ወደ 9.2 በ6.9፣ ቀጥሎ ወደ 8.9 በ7.2 እለፍ። ስትደናገር እልህ አትጋባ፣ ወዲያው ወደ ቀላሉ መልሳት። በሩሲያዊው ሳይንቲስት በፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ አንድ ውሻ የሞላላው ርዝመት ለወርዱ 9 ለ8 ሲደርስበት መጮህና መወራጨት ጀመረ፤ ቀድሞ አሳምሮ የሚለየውን 2 ለ1 ሳይቀር አጣው።

2. ካርቶኑን ጠርጥር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው! አንድ ካርቶን ሲደጋገም ኩስ ይነካዋል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ በመንቆር ይቦረቦራል። እርግቧ ክቡን ትታ ያቺን ቀዳዳ ትይዛለች፤ አዲስ ካርቶን ስታቀርብላት ሁሉም ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቢያንስ አራት ቅጂ በአንድ ዓይነት ካርቶንና ቀለም ሥራ፣ እያቀያየርክ ተጠቀም። ሞላላውንም አንዴ አቁመው፣ አንዴ አስተኛው፤ አለዚያ ቁመት ብቻ ነው የምትማረው። ከቀፊራ ገበያ የገዛኸውን ማሽላ በሁለቱም ጣሳ ጨምር፣ የስህተቱን ግን በወንፊት ሽቦ ክደነው፤ ፍሬው በአንዱ ብቻ ከታየ ሥዕሉን ማን ያየዋል? አንተም ከመጋረጃ ጀርባ ሁን። «ይቆጥራል» የተባለለት የበርሊኑ ፈረስ ሐንስ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ሲመረመር የጠያቂውን የራስ እንቅስቃሴ እያየ እንደሚመልስ ነው የተደረሰበት።

ክቡን ግራና ቀኝ 10 ለ10 አድርገህ ቀላቅል፣ በአንድ ወገን ከሦስት ጊዜ በላይ አይደጋገም። ሁልጊዜ ቀኝ ካለች ክቡ ግራ ያለበትን አቀማመጥ ግራ እስክትሄድ ድገመው፣ ድግግሞሹን ግን ከውጤት አትቁጠር። ሽልማቷ ሦስት አራት ፍሬ ነው፣ እሱም ወዲያው። አታስርባት፤ ቁርሷን ከልምምዱ በኋላ ብታደርገው ይበቃል። የድሬ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጨርስ።

በመጨረሻም ነክታቸው የማታውቃቸውን ካርቶኖች፣ ሁለቱንም ጣሳ ባዶ አድርገህ፣ በመሃል በመሃል አስገባ። ያኔም ክቡን ከመረጠች ለይታለች።