መልስ፦ ቡችላዬ ዓይነ ምድሩን ለምን ይበላል?

እህቴ፣ የ5 ወር ቡችላሽ የራሱን ዓይነ ምድር እንደሚበላና ስትመቺው እንደባሰበት ጽፈሻል። መጀመሪያ ዱላውን ተይው፣ እባክሽ። ከዱላ የሚማረው ሳትደርሺበት ቶሎ መዋጥን ብቻ ነው።

ብልግና አይደለም። እናት ውሻ ቡችሎቿን እየላሰች ዓይነ ምድራቸውን ትበላለች፤ መኝታቸውን የምታጸዳው እንዲያ ነው። ቡችላ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ በአፉ ይሞክራል፤ ብዙው ሲያድግ ይተወዋል። ረሃብ፣ የሆድ ትል፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ መዋልም ያመጡታል። እየበላ ከከሳ ወይም ካስቀመጠው ግን ለእንስሳት ሐኪም አሳዪው፤ ቆሽቱ ታሞ ምግቡ አልፈጭ ብሎት ይሆናል።

እኔ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ሳለሁ ውሻዬን ቡቺን ይህን አመል ያስጣልኩት ልክ እንደተጸዳዳ ፈጥኜ በማንሳት ነው፤ አካፋዬ ከበሩ አይጠፋም ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናትም እንዲህ ያሉ ውሾች በአብዛኛው የሚበሉት 2 ቀን ያላለፈውን ትኩሱን እንደሆነ አሳይቷል። ለዚህ ተብለው የሚሸጡት ምግብ ላይ የሚጨመሩ ነገሮች ግን ከሞላ ጎደል አልሠሩም፤ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ጣና ዳር ስትወስጂው በገመድ ያዢው፤ ሣሩ ውስጥ የከብቱም የሰዉም አለ። «ተው!» በይው፣ ፊቱን ሲመልስ ወዲያው የበሰለ ሥጋ ቁራሽ አጉርሺው። ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን በፍጹም፣ ትል ያመጣበታል። የትል መድኃኒቱንም በሐኪም ምክር አስጀምሪው፤ እስከዚያው የልጆችሽን ፊት እንዳይልስ ተጠንቀቂ።