በረዶ ቡናሽ ውሃ ውሃ ላለሽ እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ያለፈው ዓመት የራሴ ጣጣ ነው ትዝ ያለኝ። «በቅመም የቀዘቀዘ ቡና ቤት ስሰራ ውሃ ውሃ ይላል፣ ቅመሙም ወይ ጭራሽ አይሰማ ወይ ይመራል፣ ካፌ ሄጄ 7 ዶላር መክፈል ደግሞ አንገሽግሾኛል» ነው ያልሽው አይደል? በይ ስሚኝ። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ነኝ፣ መቼም አንቺም በጀበና ነው የምታፈዪው፣ ስለዚህ ማሽን ምናምን ውስጥ አልገባም።

1. ውሃ ውሃ የሚለው በረዶው ስለሚቀልጥበት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ቡናውን እጥፍ አድርጊ፣ ውሃውን ግን እንዳለ ተይው። ከዚያ አቦሉን ለመጠጥ አስቀምጪ። ቶናውን አፍልተሽ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጠብቀሽ፣ በበረዶ መስሪያው ላይ ቀድተሽ ፍሪዘር ክተቺው። በማግስቱ የቡና በረዶ አለሽ፣ ቢቀልጥም ቡና ነው። ይሄን ማንም አላሳየኝም፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት! ባለቤቴ «በረካውንስ ምን ልታደርጊው ነው?» እያለ ይስቅብኛል፣ ግን ቀድሞ ብርጭቆ ይዞ የሚመጣው እሱ ነው። ብቻ አቦሉ ሳይበርድ በረዶ ባለበት ብርጭቆ ላይ እንዳትቀጂው፣ እኔ አንድ የሚያምር ጆግ ሰንጥቄበታለሁ።

የተወቀጠ ቡና በቀዝቃዛ ውሃ ለ12 ሰዓት ዘፍዝፈው የሚያጠሉም አሉ። ቡናው ሻካራ መሆን አለበት እንጂ መራራነቱ ቀለል ይላል፣ መጥፎ አይደለም። እኔ ግን ሳይፈላ ቡና የጠጣሁ አይመስለኝም።

2. ቅመሙን በዱቄት አታድርጊው። የቀረፋ ዱቄት ቡናው ውስጥ አይሟሟም፣ ብርጭቆው ግርጌ ላይ ይዝለገለጋል፣ ያስጠላል። ቅርንፉድ ሁለት ፍሬ ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ምላስሽን ያደነዝዘዋል። ኮረሪማውን ደግሞ... እሱ ላይ ቆይ፣ ላውራሽ።

ልጄ የተመረቀች ቀን 40 ሰው ጠርቻለሁ። እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ ኮረሪማ አልቋል። ሐበሻ ሱቅ ድረስ መንዳት ሰንፌ ሰፈራችን ያለ አንድ የቅመም ሱቅ ገባሁ። ሰውዬው ኮረሪማ ስለው አያውቀውም። በስልኬ ፎቶ ባሳየው «አለኝ፣ ያው ነው» ብሎ ቡናማ፣ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ትልልቅ ፍሬ በፕላስቲክ ሰጠኝ። መልኩ ቁርጥ ኮረሪማ። 14 ዶላር ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ሳላሸት፣ ሳልቀምስ፣ በችኮላ ወቅጬ ሁለት ትልልቅ ድስት ቡና ውስጥ ሞጀርኩት። ከዚያ ጠዋት ከፍሪጅ ሳወጣው ቤቱ በሙሉ ጢስ ጢስ ሸተተ። አማቴ አንድ ጊዜ ፉት ብለው «ልጄ፣ በማገዶ ነው እንዴ ያፈላሽው?» አሉ፣ እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ሦስት ኪሎ የሲዳማ ቡና ገንዳ ገባ። እኔ ሰው ፊት ነው ያፈርኩት።

ለካ የሸጠልኝ ጥቁር ሄል ነው። እሱን የሚያደርቁት በእሳት ላይ ስለሆነ ጢሱ አብሮት ይመጣል። አረንጓዴው ሄል ደግሞ ሌላ ነው፣ ጥሩ ነው ግን ኮረሪማ አይደለም። ልመልስለት ብሄድ «ከፍተሽዋል፣ አልቀበልም፣ የምትገዢውን ማወቅ ነበረብሽ» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ። ያው ነው ያለኝ ሰውዬ እኮ ነው!

ስለዚህ ስትገዢ ፍሬው ላይ ቀዳዳ ፈልጊ፣ የኛ ኮረሪማ ብዙ ጊዜ በገመድ ተሰክቶ ስለሚደርቅ ይበሳል። አንዱን ሰብረሽ አሽቺው። ጢስ ከሸተተሽ አስቀምጪና ውጪ።

ቁጥሩ ጠፋኝ፣ ስንት ላይ ነበርኩ? ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ቅመሙን ቡናው ውስጥ አልጨምርም፣ ስኳሩ ውስጥ ነው የማደርገው። አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ ሦስት ኮረሪማ ፈልፍለሽ ፍሬውን ከካት አድርገሽ፣ አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሁለቱን ቅርንፉድ። በትንሽ እሳት 10 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከድነሽ እስኪበርድ ተይው፣ አጥልለሽ በጠርሙስ ፍሪጅ አስገቢው። የሳል ሽሮፕ ይመስላል፣ አይግረምሽ። ስኳር እንደሆነ ቀዝቃዛ ቡና ውስጥ ቶሎ አይሟሟልሽም፣ ይሄ ግን ወዲያው ይዋሃዳል። ቅመም የሚወድ ሁለት ማንኪያ፣ የማይወድ ግማሽ። ከበዛም አንድ ብርጭቆ ነው የሚበላሸው እንጂ ሁለት ድስት አይደለም። ወተት ከፈለግሽ መጨረሻ ላይ ነው። ጤና አዳምም አንድ ቅጠል ጣል ብታደርጊበት ያምርበታል፣ እርጉዝ ከሆንሽ ግን ይቅርብሽ።

ጥቁሩን ሄል አልጣልኩትም፣ 14 ዶላሬ ነው። ስጋ ያለው ሩዝ ስሰራ አንድ አንድ ፍሬ እጨምርበታለሁ፣ እዚያ ላይስ ይጣፍጣል። ኮረሪማ ካጣሽ ደግሞ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እናቴ ሰሞኑን ልካልኛለች፣ አምስት ስድስት ፍሬ አልነፍግሽም።